ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጠችው

«ታቱ አለሽ?»

«የለኝም።»

ይህን ስመልስ የዋሸሁ አልመሰለኝም። ደብረ ብርሃን፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ደም ልንለግስ ተሰልፈናል። ብርዱ እንደ ልማዱ አጥንት ይሰብራል። ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ቅጽ ይዛ በየተራ ትጠይቀናለች። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና አድርገሻል? አላደረግኩም። ጥርስ ተነቅለሻል? አልተነቀልኩም። ታቱ? የለኝም። ክንዴን ዘረጋሁ። ደሜ በቀጭኗ ቱቦ ሲወርድ እያየሁ ደስ አለኝ። የመጀመሪያዬ ነበር። ለአንዲት ወላድ እንዲደርስ በልቤ ተመኘሁ።

ከሳምንታት በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። «መጥተሽ ውጤትሽን ብትወስጂ ጥሩ ነው» አለችኝ አንዲት ሴት። ምክንያቱን በስልክ አልነገረችኝም። ሄድኩ። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ። ነርሷ በሩን ዘጋች። የተለገሰ ደም ሁሉ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ለአራት ነገር እንደሚመረመር አስረዳችኝ። ለኤች አይ ቪ፣ ጉበትን ለሚያጠቁት ለሄፓታይተስ ቢ እና ለሄፓታይተስ ሲ፣ እንዲሁም ለቂጥኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያንቺ ሄፓታይተስ ቢ አሳይቷል» አለች።

የምለው ጠፋኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሷ ፊቴን አየች። ቅጹን አየች። መልሳ ፊቴን አየች።

«ታቱ የለኝም ብለሻል።»

«አዎ፣ የለኝም።»

«ድድሽስ?»

እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው አፌን በእጄ ሸፈንኩ።

ታቱና ንቅሳት በእኔ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ሆነው አያውቁም። ታቱ የከተማ ነው። ማሽን አለው፤ ቀለም አለው፤ ክንድ ላይ የሚሳል አንበሳ ነው። ንቅሳት የእናቶቻችን ነው። የግንባር መስቀል፣ የአንገት ሐረግ፣ የድድ ጥቁረት ነው። ያቺ ወጣት «ተነቅሰሻል?» ብላኝ ቢሆን ኖሮ ሳላስብ «አዎ» እላት ነበር። ጥያቄው ስለ ቅርብ ጊዜ ነውና፣ «አዎ» ብልም ደም ከመስጠት አያግደኝም ነበር። የእኔ ንቅሳት 17 ዓመት አልፎታል። ግን ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሁለቱም በመርፌ ይበሳሉ። ሁለቱም ያደማሉ። ስማቸው ስለተለያየ ብቻ አንዱን ፈራሁት፣ ሌላውን የቤቴ አድርጌ ተቀበልኩት።

አምስት ሆነን፣ በአንድ ሲኒ

ጥር 1999 ዓ.ም. ነው። መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ብዙም የማይርቅ መንደር። የአክስቴ የመጀመሪያ ልጅ ልታገባ ነው። እኔ 15 ዓመቴ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ለሰርጉ ሄጃለሁ። ሙሽራዋ ድዷን ልትነቀስ ነው ሲባል እኛም እንነቀስ አልን። የተነቀሰ ድድ ጥርስን ያነጣል፤ ሳቅን ያሳምራል። ድድን ያጠነክራል፣ መድማቱን ያቆማል ይባላል። ከተማ ላደግኩት ለእኔ ግን ሌላም ነገር ነበረው። ከእነሱ እንደ አንዷ መሆን እፈልግ ነበር። እነሱ ሱፍ ሲፈትሉ እኔ እንዝርቱን እጥለዋለሁ። የገብስ ቂጣ ሲጋግሩ እኔ ከምጣድ ላይ አላነሳም። ድዴን ብነቀስ ቢያንስ በዚያ እመስላቸዋለሁ ብዬ ነው።

ነቃሿ እማማ የአክስቴ ጎረቤት ናቸው። በዚያ አካባቢ ንቅሳቷ ያማረ ሴት ካለች «የእሳቸው እጅ ነው» ይባላል። ገንዘብ አይጠይቁም። ስኳርም ይሁን ቡና፣ ሰው የሰጣቸውን መርቀው ይቀበላሉ። ሦስት የልብስ መርፌ ጎን ለጎን አድርገው በጥቁር ክር አጥብቀው ያስራሉ። ከኩራዝ ላይ የሰበሰቡትን ጥላሸት ሲኒ ውስጥ በቅጠል ጭማቂ ይለውሱታል። መርፌው ሲኒው ውስጥ ይነከራል፤ ድድ ላይ ይወጋል፤ ተመልሶ ይነከራል።

መጀመሪያ ሙሽራዋ ተቀመጠች። ሁለተኛ እኔ። ሦስተኛ በአንድ ዓመት የምታንሰኝ የሙሽራዋ እህት። ከዚያ ሁለት የጎረቤት ልጆች። ቅደም ተከተሉን ዛሬ ድረስ አልረሳሁትም። ያኔ ግን ቁም ነገር አልነበረም፤ ማን እንደማትፈራ ለማሳየት የተሽቀዳደምንበት ነው። እማማ ራሴን በጉልበታቸው መሐል ያዙ። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ከምጥ አይብስም» አሉኝ። ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ይዘልቅ ነበር። ደሙን በውኃ ተጉመጥምጬ ተፋሁ። እማማ አረቄ በነካ ጨርቅ መርፌውን ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ሲኒው ውስጥ ነከሩት። «ነይ፣ ባለ ተራ!» አሉ። የአክስቴ ልጅ እየሳቀች በተነሳሁበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ አጥሚት እየጠጣን አምስታችን በአንድ ባና ውስጥ ተኛን። አፋችን አብጦ መሳቅ እያቃተን ስንስቅ አደርን። በሕይወቴ ያን ያህል የተዋደድንበትን ሌሊት ብዙ አላስታውስም።

አሁን የሚከነክነኝን ልንገራችሁ። እኔ በዚያው ዓመት የትምህርት ቤታችን የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ። ጠዋት በሰልፍ ላይ ማይክ ይዤ «ስለታም ነገሮችን በጋራ አንጠቀም» እያልኩ አነባለሁ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ሁሉ ያቺን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ታውቋታላችሁ። ስናነባት ግን ምን ነበር የሚታየን? ለእኔ የሚታየኝ ምላጭ ነበር። ያውም በማላውቀው ሰው እጅ፣ በማላውቀው ከተማ ያለ ምላጭ። የእማማ መርፌ ስለታም ነገር አልነበረችም። እንደ እንዝርቱና እንደ ማማሰያው የቤት ዕቃ ነበረች። ትምህርቱ ባዕድን እንድንፈራ እንጂ ደምን እንድንፈራ ያደረገን አይመስለኝም። የምንወደው ሰው ደምም ደም መሆኑን ማን ነገረን?

ከእኔ በፊት፣ ከእኔ በኋላ

ወደ ጠባቧ ክፍል ልመለስ። ለነርሷ የሰርጉን ነገር በሙሉ ነገርኳት። ስጨርስ የጠየቅኳት አንድ ጥያቄ ነው። «እንግዲያ ያስያዘችኝ ሙሽራዋ ናት ማለት ነው?» ከእኔ በፊት የተቀመጠችው እሷ ብቻ ናትና። አሁን ሳስበው፣ አፌ ላይ የመጣው የመጀመሪያ ነገር የእህቴን ያህል የማያት ሴት ስም መሆኑ ያሳዝነኛል።

ነርሷ ወረቀት አወጣች። «እህቴ፣ ይሄ ቫይረስ እንደ ዕድሜ ይለያያል» አለችኝ። «አዋቂን ሲይዝ ከ100 ሰው 95ቱን ያህል ሰውነታቸው ራሱ ያባርርላቸዋል። ሕፃን ሲይዝ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በወሊድ ወይም በመጀመሪያው ዓመት ከተያዙ 100 ሕፃናት 90ዎቹ ያህል ይዘውት ያድጋሉ።» ከስድስት ወር በኋላ ደግመን እንደምናየው፣ ያኔም ካለ ነገሩ ሥር የሰደደ እንደሚሆን ነገረችኝ። (ደግመን አየነው። አለ።) ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄ ነገር ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አብሮሽ የኖረ ሊሆን ይችላል። ያኔ በርጩማው ላይ ስትቀመጪ በደምሽ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ካንቺ በኋላ ስንት ሰው ተነቀሰ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። አፌ ግን እንቢ አለኝ።

«ሦስት» አልኩ በመጨረሻ።

ያን ቀን በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ባጃጅ ውስጥ ከሰው ጋር መቀመጥ አልቻልኩም። በዚያች ክፍል ውስጥ የተለወጠብኝ ነገር ይሄ ነው። ሰው በሽታ ሲያገኘው ወደ ኋላ ነው የሚያየው። ማን አስያዘኝ? ማን በደለኝ? እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ነርሷ ግን አንገቴን ይዛ ወደ ሌላው ወገን አዞረችው። ከእኔ በፊት ስለነበረችው ምንም ማድረግ አልችልም። ከእኔ በኋላ የተቀመጡት ግን ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ይወልዳሉ፤ ምናልባትም ምንም አያውቁም።

ለስንት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንብቤ አንብቤ ደከምኩ። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ፣ ደርቆ እንኳ፣ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ለማስተላለፍ ደግሞ ዓይን የማያየው ያህል ደም ይበቃዋል። በታማሚ ደም በተነካካ መርፌ የተወጉ የጤና ባለሙያዎች ላይ የተገኘው ቁጥር ከሁሉ በላይ አስደነገጠኝ። ኤች አይ ቪ የሚተላለፈው ከ1,000 የመርፌ መወጋት በ3 ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ሲ ከ100 በ2 ገደማ። ሄፓታይተስ ቢ ላልተከተበ ሰው ከ100 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። በማይክ ስጮህበት የኖርኩት ሦስቱ ውስጥ ትንሹን ነበር። ትልቁን በስሙ እንኳ አላውቀውም ነበር።

በስሙ አላውቀውም ስል፣ በሌላ ስሙ አውቀዋለሁ። የእናቴ ወንድም ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ ነው የሞተው። የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋ ነው ተባለ። የወፍ በሽታ። ክንዱን ተኮሱት፤ ቅጠል አጠጡት። ሕመሙ ይሄው የእኔው ይሁን ሌላ አሁን የሚያውቅ የለም። ግን ልጅ ሆኜ ያቺን ወፍ በጣም እፈራት ነበር። ማታ ማታ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። መርፌውን ግን ሳልፈራ ድዴን ሰጠሁት።

እናቴም ተመርምራለች። ውጤቷ የእሷ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ባለቤቴ ክትባቱን ጀመረ፤ ሦስት ጊዜ ነው፣ በስድስት ወር ውስጥ ያልቃል። ሴት ልጄን ይዤ ለምርመራ የሄድኩበትን ጠዋት መግለጽ አልችልም። ነፃ ናት። በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንቷ የተከተበችው ከዚህም ይጠብቃል። ይህ ክትባት ለአገራችን ሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እኛ መንዝ በርጩማው ላይ በተቀመጥንበት ዓመት ማለት ነው። ከዚያ በፊት ለተወለድነው አልደረሰንም።

ሜዲካል የጣላት

ለአክስቴ ልጆች ልንገራቸው ስል ቤተሰቡ ውስጥ ያማከርኩት ሰው ሁሉ ከለከለኝ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለችኝ አንዷ ዘመዴ። ከስንት ዓመት በኋላ ምን ይሁን ብለሽ ነው? ትዳራቸውን ልትበጠብጪ ነው? ሰው ምን ይላል? ቅር አላለኝም። ለእኔም ፈርታ ነው።

ሙሽራዋን አስቀደምኩ። አሁን የሦስት ልጆች እናት ናት። ሳትቆጣ ሰማችኝ። ሄዳ ተመረመረች፤ ነፃ ናት። እርግጥ ምርመራው ዛሬ ያለውን እንጂ አንድ ጊዜ ገብቶ የወጣውን አይናገርም። ከጎረቤት ልጆች አንዷም ነፃ ናት። ሌላዋ ከአገር ወጥታለች። ስልኳን እስካሁን እየፈለግኩ ነው።

የቀረችው ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጠችው ነበረች። ሸዋ ሮቢት ትንሽ ሱቅ አላት። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስት ጊዜ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተን ዘጋሁ። በአራተኛው እንደምንም ተነፈስኩት። «ደም ስሰጥ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘብኝ» አልኳት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አንቺም?» አለች።

በቃ ይህችን አንዲት ቃል። ስልኩን በጆሮዬ እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

በ2008 ዓ.ም. ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታ ነበር። ከዚያ ሐሳቧን ቀየረች ተባለ። እኛም ጎሽ፣ ደግ አደረገች ብለን አመሰገንናት። ለካ ሐሳቧን አልቀየረችም። ሜዲካል ወድቃ ነው። ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄድ ሰው ለዚህም ይመረመራል። «አንፊት»፣ ብቁ አይደለሽም፣ ብለው ወረቀቱን ሰጧት። ምን ማለት እንደሆነ፣ ቀጥላ የት እንደምትሄድ ያስረዳት የለም። አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ላይ ብቻዋን አለቀሰች። ከዚያ የወፍ መድኃኒት ያውቃሉ የተባሉ ሰው ዘንድ ሄደች። የሰጧትን ጠጥታ ሁለት ቀን አስታወካት። ለታመመ ጉበት ምንነቱ ያልታወቀ መድኃኒት መጨመር ራሱ ጉዳት ነው። ከዚያ ወዲያ ለማንም ሳትናገር ስምንት ዓመት ኖረች። የራሷን ብርጭቆ ለብቻ ታስቀምጥ ነበር። የእኅቷን ልጆች መሳም ትፈራ ነበር። በመሳም፣ በማዕድ፣ በብርጭቆ አይተላለፍም። ይህን የነገራት አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሷ ግን የደበቀችው ወድዳ አይደለም፤ የምትነግረው ሰው አጥታ ነው።

«ከእኔ ይሆን?» አልኳት እያለቀስኩ። «ከእኔ በኋላ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ደግሞ ከእኔ በኋላ የተቀመጡትን ስቆጥር ነው የኖርኩት» አለችኝ።

ስለዚህ ነገር ብዙ አሰብኩ። እሷም ከሕፃንነቷ ይዛው ሊሆን ይችላል። ከእኔም ሊሆን ይችላል። ሲኒው ውስጥ የተቀላቀለውን ደም ዛሬ የሚለየው የለም። ግን ሁለታችንም፣ አንዳችን የሌላችንን ሳናውቅ፣ ያንኑ ስሌት እየሠራን መኖራችን ልቤን ነካው። ያን ቀን ስልክ ባልደውል ዛሬም ለየብቻችን እንቆጥር ነበር።

ደብረ ብርሃን አመጣኋት። ደሟ ታየ፣ ጉበቷ በአልትራሳውንድ ታየ። እስካሁን ደህና ነው። በየስድስት ወሩ አብረን እንታያለን። ሁሉም ሰው ወዲያው መድኃኒት አይጀምርም። የሚያስፈልገው ሰው የሚወስደው ክኒን አለ፤ ቫይረሱን ጨርሶ ባያጠፋውም ያስተኛዋል። ዋናው ፍርሃት ቀስ ብሎ የሚመጣው የጉበት መጠጠርና የጉበት ካንሰር ነው። ሄፓታይተስ ሲ በተቃራኒው ክትባት የለውም፤ ግን ዛሬ በሁለት በሦስት ወር ክኒን ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል። ክትትሉን የሚያደርግልን ሐኪም ይህን ሲነግረን እኛ የደረሰን ከሁለቱ ሌላኛው መሆኑን አስባ የአክስቴ ልጅ እጄን ጨበጥ አደረገችው።

ሲኒው ከተማ ገባ

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ታናሽ ወንድሜ ክንዱ ላይ ታቱ ሊሠራ እንደሆነ ሲነግረኝ ልጮኽበት ነበር። ከዚያ አሰብኩና «አብሬህ ልሂድ» አልኩት። በከተማችን አንድ የተከራየ ክፍል ነው። ሠሪው ትሑት ልጅ ነው፤ እጁም ጎበዝ ነው። ጓንት አደረገ። መርፌውን ፊታችን ከታሸገ ላስቲክ አወጣ። ደስ አለኝ። ከእኛ ፊት የነበረው ልጅ ጨርሶ ሲወጣ ግን አንድ ነገር አየሁ። ቀለሙ የተቀዳበት ትንሽ ክዳን ውስጥ የተረፈ ነበር። ያንን መልሶ ጠርሙሱ ውስጥ ገለበጠው።

የእማማ ሲኒ ፊቴ ላይ መጣች።

መርፌው የነካው ደም ወደ ቀለሙ ይገባል። ቀለሙ ወደ ጠርሙሱ ከተመለሰ የዛሬው ደም ነገ ለሚመጣው ይቀዳል። አዲስ መርፌ በአሮጌ ቀለም ሲነከር አዲስነቱ የት አለ? ለልጁ ቀስ ብዬ ነገርኩት። ቀለም ውድ ነው፤ መጣሉ ያሳሳል። ያን እረዳለሁ። «ትንሽ ትንሽ ቅዳ፣ የተረፈውን ድፋው» አልኩት። የማሽኑን እጀታ በምን እንደሚያጸዳ ጠየቅኩት። በፈላ ውኃ ነው አለኝ።

እዚህ ላይ አስተማሪነቴ መጣ። ፊዚክስ ነው የማስተምረው። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ91 ገደማ ነው። ባቄላ ቶሎ የማይበስልልን ለዚህ ነው። ሆስፒታል ዕቃ የሚቀቀልበት መሣሪያ እንፋሎቱን በግፊት አፍኖ 121 ዲግሪ ያደርሰዋል። ይህን ሁሉ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከመርፌ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

ልጁ አልተከፋብኝም። ወንድሜም ታቱውን አልተወም፤ አዘገየው እንጂ። መጀመሪያ ሦስቱን ክትባት ልጨርስ አለ። ሁለቱን ወስዷል።

እማማ ጋ

የቀረኝ አንድ ቤት ነበር። መንገዱ ደህና ነው ሲባል ተነሳሁ። ከጣርማ በር ወደ ግራ ታጥፎ፣ በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ድረስ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? የስንት ሴት ውበት የእጃቸው ሥራ ነው። ያረጁ ሰው ናቸው። «እጅዎ አስያዘን» የሚል ነገር ከአፌ እንዳይወጣ እጸልይ ነበር።

ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሱፍ ሲፈትሉ አገኘኋቸው። ጉልበት ስሜ ተቀመጥኩ። ድዴን ገልጠው አዩ። «አልደበዘዘም፤ ጎሽ» አሉ። ቡና ቀረበ። ከዚያ በቀስታ ነገርኳቸው። የደሙን ነገር፣ የሲኒውን ነገር። የማንም ጥፋት አለመሆኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገምኩ። ያኔ ማንም አያውቅም ነበር አልኩ።

እንዝርታቸውን አቆሙ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

«እሳት አሳየዋለሁ፤ አረቄ አስነካዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ኋላ ኋላ ደግሞ አፈላዋለሁ። ንጹሕ ነው ብዬ ነው ልጄ።»

«አውቃለሁ እማማ።»

ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። አውራ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ጣት መታ መታ አደረጉት።

«ይቺን ስንቴ እንደወጋኋት ታውቂያለሽ? ልጆቹ ሲንፈራገጡ መርፌው ያመልጠኛል። አንቺን ስነቅስሽም ወግቻታለሁ። አላየሽም እንጂ።» ትንሽ ቆዩና «እኔንስ የሚመረምረኝ አለ?» አሉ።

ከወራት ጀምሮ ስቆጥር ነበር። አምስት። ከእኔ በፊት አንድ፣ ከእኔ በኋላ ሦስት። ከሁላችንም ጋር አብረው የተቀመጡትን አንድም ቀን ቆጥሬያቸው አላውቅም። 40 ዓመት ሙሉ ደማችን ሲነካቸው የኖሩት እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ተዘጋጅተው ነው የመጡት። ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት። የጣት መውጊያዋን ከማሸጊያው ስታወጣ እማማ ጎንበስ ብለው አዩ። ጣታቸውን ስትወጋቸው ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም። መውጊያዋን ከጎኗ ያለው ቢጫ ሳጥን ውስጥ ጣለችው።

«አሁን ያቺን ለማን ታደርጊያታለሽ?» አሉ እማማ።

«ለማንም እማማ። ትቃጠላለች።»

«ለእኔ ብቻ ነች?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

ውጤቱ እስኪደርስ ትንሽ መጠበቅ ነበረብን። እማማ ሳጥኑን ያያሉ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ። ለምርመራው ሊከፍሉ መሰለኝና «ተዉ እማማ» አልኳቸው። ገንዘብ አልነበረም። ሦስቱ መርፌዎች ናቸው፤ በጥቁር ክር እንደታሰሩ።

«እንግዲያ እነዚህንም ልጨምር» አሉ።

የሳጥኑ ቀዳዳ ጠባብ ነው። ክሩን ራሳቸው ፈቱት፤ ዓይናቸው ደክሟልና ጊዜ ወሰደባቸው። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ጨመሯቸው። ክሩን ግን ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ያዙት።